ናፍጣ የምትጠጣ ላም

ናፍጣ ሲሸተኝ ይርበኛል። ይህን ለሰው ስናገር ይስቁብኛል፤ ሐኪም የሆነች አንዲት ጓደኛዬማ ደም አንሶሽ ይሆናል ብላ አስመርምራኛለች። ምንም አልተገኘብኝም። ባለፈው ሰሞን ሶዶ ውስጥ ማልጄ ከቤት ስወጣ፣ ከበራችን ዝቅ ብሎ አንድ ሰውዬ ያረጀች ትንሽ መኪናውን ለማስነሳት ሲታገል አገኘሁት። ቁልፉን ያዞራል፣ ታስላለች፤ ደግሞ ያዞራል፣ ደግሞ ታስላለች። በመጨረሻ ጥቁር ጭሷን ለቀቀችና ተነሳች። ጭሱ ከዳሞታ ተራራ ከወረደው ጭጋግ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ገባ። ቁርሴን ጠግቤ በልቼ የወጣሁ ሴትዮ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ምራቄን ዋጥኩ።

ጥፋቱ የአባቴ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ክፍል ባለፍኩበት ክረምት መኪና ገዛ። አባቴ ማርቆስ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፤ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ዓይኑን ጨፍኖ ይሥላል፣ ስለ መኪና ግን መንዳት ከመቻሉ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የሸጠለት ሥራው አልቆ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የፕሮጀክት ሠራተኛ ነው። ሰውዬው ሲሰናበታት ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ። አባቴ ይህን የፍቅር ምልክት አድርጎ ተረዳው። እናቴ ግን፣ ይሄ ሰውዬ ተገላገልኩ ማለቱ ነው አለች።

መኪናዋ ትንሽ ናት፤ በአንድ ወቅት ነጭ ነበረች ይባላል። የምትጠጣው ናፍጣ ነው፤ አባቴም የሚኮራው በዚህ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ናፍጣ ያስተምራል። ቤንዚን ቁንጥንጥ ነው፣ ናፍጣ ግን ረጋ ያለ ነው፤ ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች የሚጠጡትን ነው የምትጠጣው፤ ጥቂት ቀምሳ ሩቅ ትሄዳለች። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ የጭነት መኪናን መጠጥ ከጠጣች ለምን የጭነት መኪናን ሥራ አትሠራም ትላለች። እንግዳው በየትኛው በኩል መሳቅ እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

ስትበላሽ አባቴ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና ምርመራውን ይናገራል። ትንፋሽ ሲያጥራት ሳንባዋ ነው ይላል። ናፍጣውን የሚያጣራው ፊልትሮ ሲደፈን ኩላሊቷ ነው አለን። መካኒኩም ከጊዜ ብዛት ቋንቋውን ለመደለት፤ አንድ ቀን በጣም አዝኖ፣ «ቲቸር፣ ኩላሊቷ ከአዲስ አበባ ካልመጣ እዚህ አይገኝም» ሲለው ሰምቻለሁ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ መኪና ሁሉ ኩላሊት እንዳለው አምኜ፣ ትምህርት ሲከፈት ለመምህሬ ተናግሬ ክፍሉ ሁሉ ስቆብኛል።

ባትሪዋ ያረጀ ስለነበር አንዳንዴ ቁልቁለት ተንከባልላ ወይ ተገፍታ ነው የምትነሳው፤ አባቴም ከቻለ ሜዳ ላይ አያቆማትም። የሶዶን ከተማ ያን ክረምት ያወቅኋት በቁልቁለቶቿ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከበሩ አልፈን፣ ከጉብታው ላይ አቁመን፣ የመጣነውን መንገድ በእግራችን እንመለሳለን። ገበያ ስንሄድ ከገበያው ይልቅ ለቤታችን የሚቀርብ ዳገት ላይ እናቆማት ነበር። እናቴ አንድ እሁድ በታኮ ጫማዋ ጭቃውን እየዘለለች፣ መኪና ሳይኖረን እንዲህ በእግራችን ሄደን አናውቅም አለች። እውነቷን ነው። አባቴ በራቸው ቁልቁለት የሆነ ሰዎችን ሁሉ ወዳጅ አደረገ፤ ከዚያ በፊት ሰላም ብሏቸው የማያውቃቸውን ሰዎች ልጅ ሲወልዱ ሄዶ ጠየቀ።

ድምጿ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጠዋት ስትነሳ ጣሪያው ላይ ድንጋይ የሚንከባለል ይመስላል። ጎረቤቶቻችን ሰዓት መሙላት ተዉ። አባቴ አንድ ቀን ታሞ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ቢቀር፣ ከእኛ በላይ ያሉት ሰዎች ልጃቸው ፈተና አመለጠው ብለው ቅር ተሰኙብን። እናቴ ይቅርታ ጠይቃ መጣች። ለምን እንደጠየቀች ግን ለራሷም አልገባትም።

አሁን ወደ መብራቷ ልምጣ። ከመሪው ጀርባ፣ ከቁጥሮቹ ሥር፣ እንደ ተጠቀለለ ሽቦ ያለች አንዲት ብርቱካንማ መብራት ነበረች። የናፍጣ ሞተር ሲቀዘቅዝ በአንዴ አይነሳም። ቁልፉ ግማሽ ይዞርና መብራቷ ትበራለች፤ ውስጡ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ሲሞቅ መብራቷ ትጠፋለች፤ ያኔ ቁልፉን ጨርሶ ማዞር ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የማውቀው ሌላ ነበር።

በቤታችን ሳይጸለይ መንገድ አይጀመርም። አባቴ ደግሞ ጊዜ ሲባክን ስለማይወድ ጸሎቱንና ማሞቁን አንድ ላይ አደረጋቸው። ቁልፉን ግማሽ ያዞራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በወላይትኛ መጸለይ ይጀምራል። መብራቷ ስትጠፋ አሜን ይልና ያስነሳል። ዓይኑን ስለሚጨፍን መብራቷን አያያትም፤ ስለዚህ አንድ ዓይኔን ከፍቼ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ስትጠፋ ክርኑን ጎሸም አደርገዋለሁ። የጀመረው ዓረፍተ ነገር የትም ይድረስ፣ አሜን ይላል። አንድ ጊዜ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ከክፉ ሥራ ሁሉ» እንዳለ ጎሸም አድርጌው እዚያው ላይ ቀረ። ለብዙ ጊዜ ያ ጸሎት ሳያልቅ መቅረቱ ያሳስበኝ ነበር።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። መብራቷ የምትበራው ጸሎቱ ወደ ላይ እየሄደ ሳለ ነው፤ እግዚአብሔር ሲሰማ ትጠፋለች። ጠዋት ቶሎ አትጠፋም፣ ምክንያቱም ጠዋት ሰው ሁሉ ስለሚጸልይ ወረፋ አለ። ቀትር ላይ፣ ሞተሯ ሞቆ እያለ ግን፣ በርታ ወዲያው ጥፍት ትላለች፤ ያኔ ሰው ምሳ ላይ ስለሆነ እግዚአብሔር ሥራ ፈት ነው። ይህን ለማንም አላስረዳሁም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሻንቶ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወዳለው የአያቴ ቤት እንሄዳለን። እናቴ ጭቃ ላይ መኪና መግፋት ሰልችቷት ብዙውን ጊዜ ትቀራለች፤ እኔና አባቴ ብቻ ነን። አያቴን ሁላችንም የምንጠራቸው አዋ ብለን ነው፤ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጢም ያላቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በረጅም ጸሎታቸው አገር ያውቃቸዋል። እኛ ስንደርስ አክስቴ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ በዳጣ ታቀርብልናለች። ቦዬው ይፋጃል፣ ዳጣው ያቃጥላል፣ እጄ ደግሞ መኪናዋን ከመግፋት የተረፈ ናፍጣ ይሸታል። ሦስቱን ለይቼ በልቼ አላውቅም። የዛሬው ረሃቤ ከዚያ የመጣ ነው።

አዋ ግን ያን ክረምት አባቴን አያናግሩትም ነበር። እኔ ስወለድ ወተት እንድጠጣ ብለው ከራሳቸው በረት አንዲት ቀይ ላም ሰጥተውት ነበር። አባቴ የመኪናዋ መግዣ ቢጎድልበት ያችን ላም ሸጣት። ሳይነግራቸው ነው የሸጣት፤ አዋ የሰሙት ገበያ ላይ ከሰው አፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን አልጠሩም። ቤታቸው ሲመጣ አላባረሩትም፣ ምግብም አልከለከሉትም። ግን የሚሉትን ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚሉት። አባቴና አዋ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው፣ እኔ መሃላቸው ቆሜ፣ ሁለቱም የሚሰሙትን ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው አመላልሳለሁ።

«ምሕረት፣» ይላሉ አዋ፣ «አባትሽን ጠይቂልኝ፤ ላሚቱ ዛሬ ስንት ሊትር ሰጠች?»

ላሚቱ የሚሏት መኪናዋን ነው። አባቴ ጫማውን እያየ፣ ዛሬ ደኅና ነች በያቸው ይላል። እኔም ዞር ብዬ ደኅና ነች እላለሁ። እሳቸውም ከእኔ አዲስ ነገር እንደሰሙ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሥራውን እወደው ነበር። በቤታችን ውስጥ ትልቅ ሰው አፌን የሚጠብቀው እዚያ ብቻ ነው።

በአዋ ደጅ ያማረ መስክ አለ፤ ሣሩ በእጅ የተበጠረ ይመስላል፣ ልጅ እንኳ ሲሮጥበት አይወዱም። አባቴ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳያስብ መኪናዋን እሱ ላይ አቆማት። ስትሄድ ጥቁር ነገር አንጠባጥባ ሄደች፤ በሳምንቱ ስንመለስ እዚያ ቦታ ሣሩ ደርቋል። አዋ ደረቁን ቦታ በዘንጋቸው እያሳዩኝ፣ ለአባትሽ ንገሪው አሉ፤ የላም እበት ሣር ያበቅላል፤ የእሱ ላም እበት ግን ሣር ይገድላል። ነገርኩት። አባቴ ሰምቶ ነበር። ሁለተኛ ሰማ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ከአጥር ውጭ ቆመች።

አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዋ በስሙ እንዲጠሩት። ስኳርና ሳሙና ይዞ የሚመላለሰው ለዚሁ ነው። ማታ ስንመለስ መሪውን ይዞ መንገድ መንገዱን እያየ ይጠይቀኛል፤ ከአዋ ጋር ጓሮ ስትሄዱ ስሜን አነሱ? አላነሱም እለዋለሁ። አባትሽ ነው የሚሉት? አዎ፣ አባትሽ ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ ሶዶ እስክንገባ የምንሰማው ሞተሯን ብቻ ነው። አንድም ቀን አልዋሸሁትም፤ አሁን ሳስበው ብዋሸው ይሻል ነበር።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ታምራት የሚኖረው ከአዋ ጋር ነው። ቤሌ የምትኖር አስቴር የምትባል ልጅ ወዶ፣ ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ባስ አጥተው ሲንከራተቱ ቤሌ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነበር። የልጅቷ አባት አቶ ዶላ ደግሞ ቀጠሮ ላይ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከደጅ መለሳቸው። ብዙ ተለምኖ ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጠ፣ ሦስተኛ እንደሌለም አብሮ ተናገረ። ሌላ ጠያቂ ቤተሰብ አለ ተብሎ ስለተወራ ታምራት ምግብ አቆመ። በዚህኛው ቀጠሮ አዋ ራሳቸው ሊሄዱ ወሰኑ፤ ለዚያን ቀን ማለዳ አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ተያዘ።

እኔና አባቴ ከዋዜማው ጀምሮ እዚያው ነበርን። ገና ሳይነጋ ሁሉም ለብሰው ደጅ ቆሙ። አዋ፣ ጎረቤታቸው አቶ ሳናና የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው አቶ ዮሴፍ ከላይ እስከ ታች ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ሚኒባሱ የለም። ታምራት ደወለ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ደግሞ ደወለ። ወፎች መንጫጫት ጀመሩ። አቶ ሳና በጣም ረጅም ሰው ስለሆኑ አጥሩን አሻግረው ያያሉ። የሚያዩት መኪናችንን ነበር። አቶ ዮሴፍም አዩአት። በመጨረሻ አዋን ነው ሁሉም የሚያዩት፣ አዋ ደግሞ ሰማዩን ነው የሚያዩት።

«ምሕረት፣» አሉ፣ «አባትሽን ጠይቂልኝ፤ ላሚቱ ቤሌ ድረስ ሰው ትጭናለች?»

አባቴ እስክነግረው አልጠበቀም። «ጂንካም ድረስ ትጭናለች በያቸው» አለ፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።

እኔም መሄድ እንዳለብኝ ማንም አልተከራከረም። ያለ እኔ ሾፌሩና ትልቁ ሽማግሌ መነጋገር አይችሉም። አዋ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል ተወሸቅሁ። አቶ ሳና ጉልበታቸው ጆሮአቸው ጋ ደርሷል፤ ሦስቱ ዘንጎች በየአቅጣጫው ወጥተዋል። ጨለማው ስላልለቀቀ አባቴ የፊት መብራቱን አበራ። ቁልፉን ግማሽ አዞረ፣ ብርቱካንማዋ በራች፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ» አለ።

«ምሕረት፣» አሉ አዋ፣ «አባትሽን ንገሪው፤ ሽማግሌ ባለበት የሚጸልየው ሽማግሌ ነው።»

ጸሎቱን ጀመሩ። የጀመሩት ከዓለም አፈጣጠር ነው። ስለ ብርሃን፣ ስለ ውሃና ስለ እንስሳት አመሰገኑ፤ እንስሳት ላይ ስለ ላሞች ትንሽ ዘግየት ብለው ተናገሩ። መብራቷ ጠፋች። አባቴን ልጎሽመው እጄን ብዘረጋ የአቶ ዮሴፍ ዘንግ ከለከለኝ። አዋ ወደ መንግሥት ተሻገሩ። ለዝናቡ፣ ለቡናው በሽታ፣ ለስኳር ድንቹ፣ ሳይመጣ ለቀረው ለሚኒባሱ ሾፌር ጸለዩ። የአባቴ ጣት ቁልፉ ላይ ነው፤ ግን አባቱን በጸሎት መሃል የሚያቋርጥ ሰው ወላይታ ውስጥ አልተወለደም፣ ያውም የተኮረፈ ልጅ። የፊት መብራቱ አጥሩ ላይ እየደበዘዘ፣ እየቀላ ሄደ። ወደ ታምራት ጋብቻ ሲደርሱ አጥሩን ማየት አቅቶን ነበር። አሜን ተባለ። አባቴ ቁልፉን አዞረ። አንዴ ብቻ ጢቅ አለች።

አባቴ ደግሞ አዞረው፤ ምንም የለም።

«ምሕረት፣» አሉ አዋ፣ «አባትሽን ጠይቂልኝ፤ ተኛች እንዴ?»

እዚያ ቦታ ቁልቁለት የለም። ታምራት ብቻውን ሞከረ፤ ጭቃው ውስጥ ተንሸራቶ በሆዱ ወደቀ። አቶ ሳና ሳይጠየቁ ወረዱ። አቶ ዮሴፍ ተከተሉ። አዋ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብለው ተቀመጡና እሳቸውም ወረዱ። ያን ቀን ማለዳ በሰፈሩ የተከበሩት ሦስት ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ የመኪናችንን ቂጥ ሲገፉ፣ ጎረቤት ሁሉ ከየአጥሩ ሥር ወጥቶ ያያል። እኔ ከመኪናዋ ጎን እየሮጥኩ ነው። አባቴ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው፤ መኪናዋ ዘለለች፣ አገሳች፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ጭስ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። ጭሱ ገለል ሲል ከላይ እስከ ታች የጠቆሩ ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር። አዋ ጢማቸው ጠቁሮ እንደ ጎልማሳ ሆኑ። አክስቴ አይታቸው ለመሳቅ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ልብስ ለመቀየር ጊዜ የለም። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ አባቴ፣ ለአዋ ንገሪያቸው፣ ከአሁን ወዲያ አላጠፋትም አለ፤ ቤሌ ላይ የማውቀው ቁልቁለት የለም፣ ካጠፋኋት እዚያው መቅረታችን ነው። ነገርኳቸው። እሳቸው ፊታቸውን በመሐረብ ቢጠርጉት ይበልጥ አሰፉት። ሁሉም እንዲህ ጠቁረው ሲቀመጡ አሳዘኑኝና የማውቀውን ልንገራቸው ብዬ አሰብኩ።

«አዋ፣» አልኳቸው፣ «ያችን መብራት እያዩ ነው እኮ የሚጸለየው። እግዚአብሔር ሲሰማ ትጠፋለች። እርስዎ ከሰማዎት በኋላ ነው ብዙ የተናገሩት።»

 የአባቴ ጆሮ ከኋላ ሆኜ ሳየው ቀልቷል። አቶ ሳና መስኮቱን ያያሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ከእኔ ጋር ስለተጣበቁ እኔም አብሬ ተንቀጠቀጥኩ። አዋ ዞር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ መብራቷን አዩአት፤ ሞተሩ ስለተነሳ ጠፍታለች። ሶዶን አልፈን ወደ ቤሌ እስክንወርድ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሱም።

በሰዓታችን ደረስን። አቶ ዶላ አጭርና ደረቅ ሰው ነው፤ ደጁ ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር። ከመኪናው የወረዱትን ሽማግሌዎች ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሰላምታ ተሰጠና ሦስቱም ገቡ፤ እኔም የአዋን ጋቢ ይዤ ገባሁ። አባቴ መሪው ላይ ቀረ፤ ሞተሯ በሩ ላይ ድምጿን ለቃዋለች።

ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ዝቅ ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ ነው የሚለምነው። አዋ በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ። አቶ ዶላ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ምን አላችሁ አለ። አዋ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፣ በመስኮቱ ጭስ ይገባል። ምን አላችሁ? በሦስተኛው አዋ በስብከት ድምፃቸው፣ ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለው ጮኹ። ጓዳ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ከት ብለው ሳቁ። መንደሩም ስለሰማ ደጁ በሰው ሞላ።

አቶ ዶላ ጣቱን ወደ በሩ ቀስሮ፣ ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው አለ። አቶ ዮሴፍ መኪና ነው አሉ። የማን ነው አለ። ሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ አዋ ዞሩ፤ እኔም ቀና ብዬ አዋን አየሁ። መልእክቱን እንዲሰጡኝ ጠበቅሁ። ግን አቶ ዶላ የጠየቀው እሳቸውን ነው፤ ከአቶ ዶላ ጋር ደግሞ በቀጥታ ነው የሚነጋገሩት።

«የልጄ ናት» አሉ አዋ። «የትልቁ ልጄ፣ የማርቆስ።»

ሮጬ ወጣሁ። ማንም አላከኝም፤ ከዚያ የበለጠ መልእክት ግን ይዤ አላውቅም። አባቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስምህን ጠሩ አልኩት። ምን? አለኝ። ሞተሯ አላሰማችውም። ጎንበስ እንዲል አድርጌ ጆሮው ውስጥ ጮህኩበት። ምን ብለው? አለኝ። የልጄ የማርቆስ ናት ብለው። እስቲ ድገሚው አለኝ፤ ሰምቶኝ እንደነበር አውቃለሁ፣ ግን ደገምኩለት።

እኔ ውጭ ሳለሁ ውስጥ ነገር መጥቷል፤ በኋላ የነገሩኝ አቶ ሳና ናቸው። አቶ ዶላ፣ ታላቅ ወንድሙ ደጅ ላይ ተቀምጦ ለታናሹ ሚስት ይጠየቃል ወይ አለ። በመካከላችሁ ጠብ አለ ማለት ነው፤ ጠብ ወዳለበት ቤት ልጄን አልሰጥም፤ ከሌለ ገብቶ አጠገብህ ይቁም። አዋ መልእክት ሊሰጡኝ ወደ ጎን ዞር ቢሉ የለሁም፤ ጋቢያቸውን የያዘ ሰው የለም። ሌላ ሰው መላክ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

አዋ በበሩ ሲወጡ አየኋቸው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። መኪናዋ ዘንድ መጥተው በአባቴ መስኮት በኩል ቆሙ። እኔ ከሌላው ወገን ሆኜ፣ ልምድ ነውና፣ የሚሉትን ላደርስ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን እኔን አላዩም።

«ማርቆስ» አሉት።

አባቴ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ሊቆም ሲል ራሱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። «አቤት፣ አዋ።»

«አጥፋትና ግባ።»

«አዋ፣ ካጠፋኋት አትነሳም።»

«ካልተነሳች እንገፋታለን» አሉ አዋ። ጠቁሮ የተዥጎረጎረ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። «ገፍተናት የለ እንዴ? አጥፋትና ከአጠገቤ ቁም።»

አባቴ አጠፋት። ከማለዳ ጀምሮ ጆሮአችን ውስጥ የነበረው ነገር በአንዴ ቀጥ አለ። ዶሮዎች፣ ሕፃናት፣ ሩቅ የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያ፣ ሁሉም ተሰማ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው ገቡ፤ እኔ ሥራ ፈትቼ ከኋላቸው ተከተልኩ።

አቶ ዶላ ብዙ አላስቆማቸውም። ሁለቱን ከእግር እስከ ራስ አየና፣ እሺ ብያለሁ፣ ተቀመጡ አለ። ሙቹዋ የሚባለው የወላይታ ምግብ በቅቤ ቀረበ። እጅ ተታጠበ፣ ደግሞ ተታጠበ፣ ውሃው እንደ ቀለም ጠቁሮ ወጣ እንጂ እጁ አልጠራም። አዋ መጀመሪያ የቆረሱትን ሳይቀምሱ ለአባቴ አጎረሱት። ከዚያ ለእኔ። ቅቤው ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከዚያ የጣፈጠ ነገር በልቼ አላውቅም።

ስንወጣ የአስቴር ወንድሞችና ጎረቤቶቹ ሁሉ ለመግፋት ከመኪናዋ ኋላ ተሰለፉ። አቶ ሳና ጋቢያቸውን አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። አባቴ ገብቶ ቁልፉን ግማሽ አዞረ፤ ብርቱካንማዋ በራች። አዋ አልገቡም። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ መብራቷን ትኩር ብለው እያዩ ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን የልጄን ላም ባርክ፤ በመንገዷም ሁሉ» አሉ። መብራቷ ጠፋች። አዋ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር እዚያው ጥለውት ቀና አሉ።

«አሜን» አሉ። «ማርቆስ፣ ሰምቷል። አስነሳት።»

በመጀመሪያው ተነሳች። ያን ሁሉ መንገድ ስትሄድ ባትሪዋ ሞልቶ ኖሯል፤ ይህ የባዮሎጂ አስተማሪው ትዝ አላለውም። ለመግፋት የተሰለፉት ጭሱን ጠግበው ጠጡና እየተሳሳቁ ተበተኑ። አዋ ገብተው ከፊት ተቀመጡ፣ እኛም ተጠጋግተን ገባን። አባቴ ግን አይነዳም። ማርሹን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፣ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። ምን ሆነህ ነው አልኩት። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ አለ።

ጭሱ የሚወጣው ከኋላ ነበር።